ጠይቁን፦ የከፋው ልጁ ነው ወይስ ፎቶው?

ባለፈው እትም ስለ ወጣቶች ብቸኝነት በጥቁርና ነጭ የተነሱ ጥቂት ፎቶዎች አውጥተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። ግማሹ ስለ ካሜራ ነው፣ ግማሹ ስለ ሰው። እውነቱን ለመናገር እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነው። የረዘሙትን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ወንድሜ 19 ዓመቱ ነው። ካምፓስ ከገባ ወዲህ ኢንስታግራም ላይ የሚለጥፈው ሁሉ ጥቁርና ነጭ ሆኗል። ባዶ ኮሪደር፣ መስኮት፣ የራሱ ጥላ፣ እሱ ራሱ ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበት። እናታችን ባየችው ቁጥር «ምነው፣ ልጄ ለቅሶ ላይ ነው እንዴ?» ትላለች። እሱ «አርት ነው፣ ተዉኝ» ይላል። እንጨነቅ ወይስ እንተወው?
እህቱ፣ ከአዳማ

እህቴ፣ እናትሽ እንዲያው በባዶ አልደነገጡም። ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች የ166 ሰዎችን 43,950 የኢንስታግራም ፎቶዎች ሰብስበው አጥንተው በ2017 ውጤቱን አውጥተው ነበር። ድብርት የነበረባቸው ሰዎች የለጠፉት ፎቶ ከሌላው ጋር ሲተያይ በአማካይ ጠቆር ያለ፣ ቀለሙ የገረጣ፣ ወደ ሰማያዊም ሳብ ያለ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ፊልተር መጠቀም ብዙም አይወዱም። ሲጠቀሙ ግን ኢንክዌል የሚባለውን ከሌላው ሰው አብልጠው ይመርጡ ነበር፤ ፎቶን ጥቁርና ነጭ የሚያደርገው እሱ ነው። አንድ ፎቶ ላይ የሚታየው የሰው ቁጥርም አነስ ያለ ነበር።

በቃ ወንድሜ ታሟል እንዳትዪ ታዲያ። ይሄ የብዙ ሰው አማካይ ነው፣ አማካይ ደግሞ ስለ አንድ የካምፓስ ልጅ የሚነግርሽ ነገር የለም። ጥቁርና ነጭ የወደደ ሁሉ ድብርት ካለበት የሠርግ ፎቶ አንሺዎቻችን በሙሉ ሐኪም ቤት መግባት አለባቸው፤ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ እንኳ ቀለሙን ያጠፉታል።

እኔ ብሆን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ጀርባውን ሰጥቶ የቆመበት ፎቶ አለ ብለሻል። ያን ፎቶ ማን አነሳው? ስልኩን ድንጋይ ላይ አስደግፎ በታይመር ከሆነ፣ እሺ። ጓደኛው «ትንሽ ወደ ግራ፣ አንገትህን ደፋ አድርግ፣ አሁን እንዳትስቅ» እያለ ደጋግሞ ካነሳው ግን ወንድምሽ ያን ቀን ብቻውን አልነበረም፤ እንዲያውም ሲስቁ የዋሉ ሊሆኑ ይችላሉ። ስልክሽ ላይ የሚመጣልሽ ግን የተከዘው ጀርባ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ፎቶውን ከመመርመር ልጁን መጠየቅ የሚሻለው።

አጠያየቁ ላይ ግን ብልጥ ሁኚ። «ምን ሆነሃል?» ካልሽው «ምንም» ብሎ ይዘጋሻል። «ያቺን የኮሪደር ፎቶ ስንት ሰዓት ላይ ነው ያነሳሃት?» በዪው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ «በዚያ ሰዓት ምን ታደርግ ነበር?» ብሎ መቀጠል ይቻላል። ስለ ፎቶው ሲያወራ ስለ ራሱ ማውራቱ አይቀርም።

ፎቶውን ትታችሁ የምታዩአቸው ምልክቶች አሉ። እንቅልፍ አጥቷል? ወይስ ቀኑን ሙሉ ይተኛል? ምግብ ቀንሷል? ክፍል መግባት ትቷል? ይወደው የነበረውን ኳስ፣ ጨዋታ፣ ጓደኛ እርግፍ አድርጎ ትቷል? «በቃኝ»፣ «ብኖርም ባልኖርም ለውጥ የለውም» የሚል ንግግር ይወጣዋል? ይሄ ለሳምንታት ከቆየ ፎቶው ቀለም አለው የለውም ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ራሱን ስለመጉዳት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ብትጠይቂው ሐሳቡን አታስገቢበትም፤ ብዙ ሰው ይሄን ስለሚፈራ ነው ዝም የሚለው። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ አውቃለሁ። በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም ግን የአእምሮ ጤና ክፍል አለ፣ ከዚያ መጀመር ይቻላል። «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ግን ሳምንት አትጠብቁ፣ ብቻውንም አትተዉት፣ ዛሬውኑ ነው።

ይሄ ሁሉ ከሌለ ተዉት ያንሳ። ላይክ ማድረግ ግን አትርሺ።

እኛ ወጣት ሳለን ፎቶ ሁሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ብቸኝነት የሚባል ነገር ግን አላየሁበትም። የዛሬ ልጆች ያን የሚያህል ቀለም የሚያወጣ ስልክ ይዘው ለምን ቀለሙን ያጠፉታል? ማስመሰል አይደለም?
ጡረተኛ መምህር፣ ከደሴ

መምህር፣ እዚህ ነጥብ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ጥቁርና ነጭ በራሱ ብቸኝነት ቢሆን ኖሮ የወላጆቻችን አልበም ሁሉ የሐዘን መዝገብ በሆነ ነበር። እርስዎም ቤት ሳይኖር አይቀርም። ሦስት ጎረምሶች ስቱዲዮ ገብተው፣ አፍሮአቸውን አበጥረው፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ ከኋላ መጋረጃ፣ ከጎን የፕላስቲክ አበባ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለማይረሳው ጓደኛዬ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማን ብቸኛ ነው እዚያ ውስጥ? ፒያሳ ላይ ፎቶ ቤት የነበራቸው አርመኖቹ የቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምረው ቤተ መንግሥቱን ሲያነሱ የኖሩት በጥቁርና ነጭ ነው፤ እዚያ የሚታየው ክብርና ማዕረግ እንጂ ብቸኝነት አይደለም።

ልዩነቱ እርስዎ ራስዎ ደብዳቤው ውስጥ ጽፈውታል። ያኔ ምርጫ አልነበረም። አሁን ግን ስልኩ በነባሪ ባለቀለም ነው፣ ልጁ ቀለሙን የሚያወጣው አስቦበት ነው፣ ተመልካቹም ይሄንን ያውቃል። አንድ ነገር ሆን ተብሎ እንደተቀነሰ ሲያውቁ ምን እንደጎደለ መፈለግ ይጀምራሉ። ፎቶው ላይ ያለው ልጅ ብቻውን ከሆነ ደግሞ የጎደለው ሰው ይመስላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቀለም ወሬ ያበዛል። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የሚጠብቅ ልጅ በቀለም ቢያነሱ መጀመሪያ የሚታይዎ ሰማያዊው ሚኒባስ ነው፣ ከዚያ ቢጫው ጀሪካን፣ ከዚያ የቴሌኮም ማስታወቂያው። ልጁ አራተኛ ነው። ቀለሙን ሲያወጡት ማስታወቂያው ከግድግዳው ጋር ይዋሃድና ልጁ፣ ፊቱ፣ ከሌላው ሰው ያለው ርቀት ብቻ ይቀራል።

ማስመሰል ያሉትን ግን አልክድም። የደበዘዘ ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ከሥሩ የማይገባ ጥቅስ... እሱ ይብቃን።

ሐዋሳ ተማሪ ነኝ። ስለ ዶርም ሕይወት ፎቶ እያነሳሁ ነው። ስምንት ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ነን፣ ብቸኝነቱ ግን ጉድ ነው። ሁለት ችግር አለብኝ። አንደኛ፣ ፎቶዎቼ ሁሉ መስኮት ዳር የተከዘ ልጅ ሆኑብኝ፣ ለራሴም ሰለቸኝ። ሁለተኛ፣ ጥቁርና ነጭ ሳደርጋቸው የልጆቹ ፊት ድፍን ጥቁር ሆኖ አይን ብቻ ይቀራል። ካሜራዬ ያገለገለ ካኖን ነው።

ወንድሜ፣ መስኮቱን ተወው። የመስኮት ዳር ልጅ ሺህ ጊዜ ስለታየ ማንም አይቶ አያቆምም፤ «አዝኗል» ብሎ ያልፋል። የራስህን ጥያቄ እንደገና አንብበው እስቲ። «ስምንት ልጅ አንድ ክፍል፣ ብቸኝነቱ ግን ጉድ» ብለሃል። ፎቶህ ያ ነው። ብቸኝነት ባዶ ቦታ ላይ ሳይሆን ሰው በሞላበት ነው የሚያምረው ልል ነበር፣ ማማር ሳይሆን የሚታመነው ልበል።

አንድ ፎቶ ላሳይህ፣ ፈልገህ እየው። ሮበርት ፍራንክ የሚባል ከስዊዘርላንድ የሄደ ፎቶ አንሺ በ1955 እና በ1956 አሜሪካን በመኪና ዞሮ ከ27,000 በላይ ፎቶ አነሳና መጽሐፉ ውስጥ ያስገባው 83 ብቻ ነው። ከነዚያ አንዷ ማያሚ ቢች አንድ ሆቴል ውስጥ ሊፍት የምታንቀሳቅስ ወጣት ናት። የሊፍቱ በር ተከፍቷል፣ እንግዶቹ በአጠገቧ ያልፋሉ፣ ደብዝዘዋል፣ ፊታቸው አይለይም። እሷ ብቻ ጥርት ብላ ትታያለች። እጇ ቁልፎቹ ጋ ነው፣ አይኗ ወደ ላይ ሄዷል። ከማንም ጋር አይገናኝም። ማንም አልበደላትም፣ አላለቀሰችም፣ አንገቷንም አልደፋችም። ግን ፎቶውን ካየህ በኋላ ስለሷ ማሰብ አታቆምም።

አሁን ደግሞ ጉዱን ስማ። ከዓመታት በኋላ ያች ልጅ ራሷን ሳን ፍራንሲስኮ ሙዚየም ግድግዳ ላይ አገኘችው። ፍራንክ ያን ቀን ያነሳት ሌሎች ፍሬሞችም አሉ፤ እዚያ ላይ ትስቃለች፣ ለካሜራው ፖዝ ትሰጣለች፣ ትጫወታለች። ከነዚያ ሁሉ መሃል አይኗ ሸሸት ያለባትን ሰከንድ መረጠ። ዋሸ ማለት ነው? እኔ አልልም፣ ያች ሰከንድ ነበረች። ግን ብቸኝነቱ ግማሹ የልጅቷ ከሆነ ግማሹ የመራጩ ነው። አንተም ዶርም ውስጥ ስታነሳ ይሄን አስብበት፤ ጓደኛህ እየሳቀ ከዋለበት ቀን ያዘነ የሚመስልበትን አንድ ፍሬም አውጥተህ «ብቸኝነት» ብለህ ስትለጥፍ ቀድመህ አሳየው። ስምንታችሁም እኮ ነገ አንድ ክፍል ነው የምታድሩት።

ምን ላንሳ ካልከኝ፣ ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ክፍሉን እየው። ስምንት አልጋ፣ ስምንት ስልክ፣ እያንዳንዱ ፊት ከሥሩ በስክሪኑ በርቷል፣ ጆሮ ሁሉ ተደፍኗል። ወይም አንዱን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አንሳው። ስምንት ቻርጀር እዚያ ላይ ተቃቅፎ ገመዱ ወደየአልጋው ይሄዳል፣ ባለቤቶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ፎቶ አንሺው ብሩስ ዴቪድሰንም በ1959 ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ የጎረምሶች ቡድን ሲያነሳ እንዲሁ ነው ያደረገው፤ ልጆቹ አብረው ናቸው፣ ብዙ ፎቶዎች ውስጥ ግን እያንዳንዱ ወደ ሌላ ቦታ ያያል።

ፊት መጥቆሩ ላይ እንምጣ። ጥፋቱ የልጆቹ ቆዳ አይደለም፣ የካሜራው ግምት ነው። ካሜራው ፍሬሙን በሙሉ አማካይ አድርጎ ነው የሚለካው። ከኋላ መስኮት ወይም ነጭ ግድግዳ ካለ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንስልህና ፊቱ ይሰምጣል። ስለዚህ ልኬቱን ስፖት ላይ አድርገው (አንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካው ነው)፣ ፊቱ ላይ ለካ፣ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ቢቃጠል ይቃጠል። ልጁን ከመስኮቱ ፊት ከማቆም ይልቅ መስኮቱ ከጎኑ እንዲሆን አዙረው። ራው በሚባለው ጥሬ ፋይል አድርገህ በቀለም አንሳና ጥቁርና ነጭ የማድረጉን ሥራ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ሥራው። የኛ ቆዳ ውስጥ ቀይና ብርቱካናማ ብዙ ስለሆነ እነዚያን ሁለት ቀለሞች ከፍ ስታደርጋቸው ፊቱ ከኋላው ካለው ጨለማ ይወጣል፣ ሌላው ብዙም ሳይነካ። ቀይ ሹራብና አረንጓዴ ብርድ ልብስ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቢደባለቁብህም በዚያው ትለያቸዋለህ። ኮንትራስቱን፣ የጥቁሩንና የነጩን ልዩነት ማለቴ ነው፣ ግን አታክርረው፤ ፊት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ ጥቁረትን አትፍራው። ሮይ ዲካራቫ የሚባለው የኒው ዮርኩ ሃርለም ሰፈር ፎቶ አንሺ የጥቁር ሰው ፊትን ለማብራት ብሎ ፍላሽ አይተኩስም ነበር። ጥልቅ ግራጫና ጥቁር ውስጥ ይተወውና ሲያትም ዝርዝሩን እዚያው ጥቁሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ቀረብ ብለህ፣ ቆየት ብለህ ካላየኸው አይታይህም። በ1949 ያነሳት አንዲት ወጣት አለች፤ ለምረቃ ረጅም ነጭ ቀሚስ ለብሳ ሃርለም ውስጥ ብቻዋን ትሄዳለች። ዙሪያዋ ባዶ ቦታና ቆሻሻ ነው፣ ግድግዳው ላይ የአዲስ መኪና ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ከፊቷ ትልቅ ጥላ አለ። የደስታዋ ቀን እኮ ነው። በቀለም ቢሆን ማስታወቂያው ቀሚሷን ይሻማው ነበር። እሷ ነጭ፣ ጥላው ጥቁር፣ በመሃል ጥቂት እርምጃ፤ እዚያ ላይ ነው የሚያስቆምህ።

አባቴ የተወልኝ ዜኒት ካሜራ አለ። የእውነት ብቸኝነት የሚመጣው በፊልም ነው ይሉኛል፣ እውነት ነው?

አይደለም። ግን ዜኒቱን አውጣው። ብዙዎቹ ዜኒቶች መዝጊያቸው፣ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያስገባው መጋረጃ፣ ያለ ባትሪ ይሠራል። የኋላ ክዳኑን ከፍተህ፣ ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረህ በየፍጥነቱ ተኩስና መጋረጃው በትክክል መከፈትና መዘጋቱን እይ። ከሠራ ባለ 400 ጥቁርና ነጭ ፊልም አስገባ፤ ቁጥሩ ፊልሙ ለብርሃን ያለው ፍጥነት (ISO) ነው። ያንኑ ፊልም በ1600 አንስተህ አጣቢው እጥበቱን እንዲያስረዝመው ብትነግረው ፍሬው፣ ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየው ነጠብጣብ፣ ይጎላል፣ ጥቁሩ ይከራል፤ ሰዎች «የድሮ ድባብ» የሚሉት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። ፊልም እዚህ አገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያስፈልግሃል፣ አጣቢም ቀድመህ ፈልግ።

ሻካራ፣ የደበዘዘ፣ የተንቀጠቀጠ ፎቶው ዓለም ያወቀለት ጃፓናዊው ፎቶ አንሺ ዳይዶ ሞሪያማ ለብዙ ዓመታት ያነሳው ኪስ ውስጥ በምትገባ ካሜራ ነው። ከስልክህ ብዙም አትበልጥም። ቶኪዮ ውስጥ ለብቻ መራመዱ ነው ሥራው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። 24 ዓመቴ ነው። ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር ቤዝመንት ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ እነሱ ቀን ይሠራሉ፣ ሳምንት ሙሉ ላንተያይ እንችላለን። ራሴን በጥቁርና ነጭ እያነሳሁ ነው። አንዱን ለእናቴ ብልክላት «ከስተሃል፣ ምን ሆነህ ነው?» ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። ልተወው?

አትተወው፣ ግን ለእናትህ አትላክላቸው። እናት ፎቶ የምታየው ልጇ መብላት አለመብላቱን ለማወቅ ነው። ጥቁርና ነጭ ደግሞ በጎን ብርሃን ከተነሳ ጉንጭን ያጎደጉዳል፣ ከአይን ሥር ያጠቁራል። ለእሳቸው ምሳ ስትበላ በቀለም ተነሳና ላክ፣ እንጀራው ይታይ።

ለራስህ ሥራ ግን አንዲት ሴት ፈልገህ እይ፣ ፍራንቼስካ ውድማን ትባላለች። በ1970ዎቹ ገና ተማሪ ሳለች ጀምራ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ራሷን በጥቁርና ነጭ ታነሳ ነበር። መዝጊያውን ለረጅም ጊዜ ክፍት ትተወውና እሷ ትንቀሳቀሳለች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የተላጠው ወረቀት ጥርት ብሎ ይወጣል፣ እሷ እንደ ጭስ ትሆናለች። በ1981 በ22 ዓመቷ ራሷን አጠፋች፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው እያንዳንዱን ፎቶዋን እንደ ስንብት ደብዳቤ ያነበዋል። እኔ አይዋጥልኝም። ፎቶዎቿን ደጋግሜ ሳያቸው ብዙዎቹ ላይ ድብብቆሽ የምትጫወት፣ ነገር የምትሞክር፣ ቀልደኛ ልጅ ነው የሚታየኝ።

ስልክህ ላይ መዝጊያውን በእጅ የሚያስተካክል ካሜራ ካለ አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ላይ አድርገው፣ ኩባያ ላይ አስደግፈው፣ አንተ ከአልጋው ወደ በሩ ተራመድ። ደግሞ ሁልጊዜ ራስህን ብቻ አታንሳ። አብረህ የምትኖራቸውን ልጆች ሳታገኛቸው ማንሳት ትችላለህ፤ ከሥራ ስትመጣ ገና ያልደረቀው ፎጣ፣ ምድጃው ላይ ሽፋኑ የተገጠመበት የወጥ ድስት፣ ፍሪጁ ላይ «የኔን ወተት አትንኩ» የሚለው ወረቀት። እነሱም ያንተን እንዲያነሱ ጠይቃቸው፤ ስትተኛ የተውከውን ጫማ፣ ያላጠብከውን ሰሃን። ሦስታችሁም እሑድ አንድ ሰዓት ታጡ ይሆን? ካላጣችሁ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አብራችሁ ምረጡ። ብቻህን ከመረጥክ የከፋህን ብቻ ነው የምታወጣው።

ሲያልቅ ላኩልን፣ እናወጣዋለን። የወተቱን ወረቀት እንዳትረሱ።